ጣፋጩን ውሃ ማን ጠጣው?

አንዲት ባልቴት የፊታውራሪ ደርሶልኝን ወይን ተክል ትጠብቅ ነበር። ፊታውራሪ የሰባት በቅሎዎቻቸው መስክ እንዲለመልም ብለው ወይኑ የሚጠጣውን ወንዝ ወደዚያ አስጠለፉና፣ "አንቺ ከጉድጓዱ ቅጂና አጠጪ" አሏት።

"ጌታዬ፣ የጉድጓዱ ውሃ እኮ ጨው ነው" ብትላቸው፣

"ሂጂ ወዲያ! ውሃ ውሃ ነው" ብለው አባረሯት።

ምን ታድርግ፣ ያንኑ አጠጣች። የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጠለ፤ ፍሬውም ከሽንብራ ሳይበልጥ ጠወለገ።

ወይኑ ደረሰ በተባለ ጊዜ ፊታውራሪ ታላላቅ እንግዶች ጠርተው፣ "የእኔን ወይን የሚያህል በአገሩ የለም" እያሉ አቀረቡ። የመጀመሪያው እንግዳ አንድ ፍሬ ቀምሶ ፊቱን አኮማተረ። ፊታውራሪ በንዴት ባልቴቷን አስጠሩ።

"መሬቱ ነው ካልሽ ርስቴን ሰድበሻልና ትገረፊያለሽ፤ እጄ ሰንፎ ነው ካልሽ ዛሬውኑ ከግቢዬ ትወጫለሽ። በይ ተናገሪ! የወይኔን ጣዕም ማን ወሰደው?"

ባልቴቷ እጅ ነሳች።

"መሬትዎም ደግ ነው፣ እጄም አልሰነፈ፤ ጣፋጩን ውሃ የጠጡት በቅሎዎችዎ ናቸው። እንግዶችዎ ጣፋጭ ካማራቸው፣ አንዷን አርደው ያብሏቸው።"

እንግዶቹ ከት ብለው ሳቁ፤ ፊታውራሪም ማንን እንደሚገርፉ ግራ ገባቸው።