ዱቄት ያልደረሳት ብልቃጥ

አንዲት ሴት ነበረች፤ እልፍነሽ እንበላት። ሥራዋ የእንስሳት ክትባት በሚሠራበት ቤት ሕዋስ ማሳደግ ነው። ሕዋስ ታውቃላችሁ? ሰውም እንስሳም የተሠራበት፣ በዓይን የማይታይ ቅንጣት። እሷ ከፍየል ኩላሊት የተወሰደውን በብልቃጥ አድርጋ፣ እንደ ሰውነት በሚሞቅ ሳጥን አስቀምጣ ትቀልበዋለች። ክትባቱ የሚመረተው እሱ ላይ ነው። ሕዋሱ ከሞተ ክትባት የለም። ያን ሰሞን ደግሞ በቆላ ፍየሉ እየረገፈ፣ የልጆች ወተት አብሮ እየደረቀ ነበር።

እሺ። ይህ ሕዋስ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ከጥጃ ደም በሚወጣ ሴረም ነው። ሴረሙ ከውጭ ይመጣ ነበር፤ ቀረ። ኃላፊዋ ዶክተር ላቀው፣ “ሴረሙን ቀንሺና በአኩሪ አተር ደግፊው” አሏት። አኩሪ አተሩ እንዲሁ አይሰጥም፤ ፕሮቲኑ በኢንዛይም ደቅቆ፣ ሕዋሱ ሊወስደው የሚችል ዱቄት ሆኖ ነው። ልኩን ነገሯትና ለስብሰባ ወደ ክፍለ ሀገር ወጡ። እሷም ለየብልቃጡ በልኩ ሰጠች።

በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ብታይ ሕዋሱ ፈዟል። መራባቱን ትቷል። ሆዷ ባባ። የእኛ አገር ሰው የፈዘዘ ሲያይ ምን ይላል? “አልበላም!” ይላል። እልፍነሽም የእኛው ልጅ ናት፤ ዱቄት ጨመረች። “በሞቴ፣ ትንሽ!” ትላለች ለብልቃጡ፣ እንግዳ እንደምታጎርስ። አልተነሳም። ደግማ ጨመረች። መጨረሻ ላይ ዱቄቱ አለቀና አንዲት ብልቃጥ ጭማሪው ጨርሶ ሳይደርሳት ቀረ።

“አንቺ ምስኪን፣ ጦምሽን ማደርሽ ነው” አለቻት። ከልቧ አዘነች።

ዶክተሩ ሲመለሱ ዱቄት የተጨመረለት ብልቃጥ ሁሉ ሕዋሱ ጨው እንደበዛበት ጎመን ተጨማዷል። እልፍነሽ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አሳየቻቸው።

“ምን በደልኳቸው? እኔ እኮ አበላኋቸው!”

“እልፍዬ፣ ማን ራባቸው አለሽ?” አሉ። መንገዱ አድክሟቸዋል፤ ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራቸውም። “ጡት አስጥለናቸዋል እኮ። እስኪለምዱ ይፈዛሉ። አንቺ ዱቄት ስትጨምሪበት ያሉበት ፈሳሽ በረታባቸው፤ የራሳቸውን ውሃ መጠጣቸው።”

“ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?”

“ልኩን ሰጥቶ መጠበቅ።”

ያቺን ዱቄት ያልደረሳትን ብልቃጥ አንስተው አዩ። ሕዋሱ ከታች ተዘርግቶ ይራባል! ክትባቱ ከእሷ ተነሳ። ቆላ የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው፤ ስንቱ ፍየል ካለቀ በኋላ።

ወገኖቼ፣ እኛስ ስንቱን ሰው በመጨመር ጨረስነው? ባሏ የሞተባትን ሴት ሰልስቱ ሳይወጣ፣ “በቃ ጠንክሪ፣ ለልጆችሽ ስትዪ!” እንላታለን። ሥራ ያጣውን ምክር በምክር እናደርገዋለን። አልነሳ ሲል ጥቅስ እንጨምርበታለን፤ ጥቅሱ አልይዝ ሲል ሽማግሌ እንጠራበታለን። ያዘነ ሰው ቤት ገብታችሁ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍሱ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ያስጨንቃል፣ አይደል? ዝም ማለት የጨከንን ያስመስለናል።

ክፋት ነው አላልኩም። ፍቅር ነው፤ ልክ ያጣ ፍቅር። እግዚአብሔር እናንተን ስንት ዓመት ጠበቀ? ሳይቸኩል፣ ሳይነዘንዝ! እናንተ ልጃችሁን አንድ ሳምንት መጠበቅ አቃታችሁ። አንዳንዱ ፍዘት ረሃብ አይደለም። አዲሱን ኑሮ እየለመደ ነው ሰውየው። ተዉት፤ ይልመድ። ከአጠገቡ ብቻ አትጥፉ።

ከመካከላችሁ ዝላችሁ የመጣችሁ አላችሁ፤ ከዚህ ሆኜ ፊታችሁን አያለሁ። ዛሬ የማስተምራችሁ ገና ሁለት ነጥብ ይቀረኝ ነበር።

ይቅር። ቤታችሁ ግቡና ዕረፉ።