የበቅሎ ነጂው ሰንጢ

አንድ በቅሎ ነጂ ነበረ። የሻረግ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ሚስቱ የሞተችበትን ሰው አግብተሽ፣ «ለሦስቱ ልጆቹ ቁጡ ልሁን ወይስ ሁሉን እሺ ባይ?» ብለሽኛል። እመልስልሻለሁ፤ አስቀድመሽ ግን የዚህን ሰው ነገር ስሚኝ።

ሰውየው ከቆላ ወደ ደጋ እህል እያመላለሰ የሚኖር ነው። ከኪሱ ሰንጢ አይጠፋም ነበር፤ ታጥፋ የምትገባ፣ ተራ ሰንጢ። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንዱ በሰንጢው የክንዱን ጸጉር ሲላጭ አየና ቀና። የራሱን ይዞ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄደ።

«ስለቷን እንደ ምላጭ ያሳሱልኝ» አለው።

«ምን ትቆርጥባታለህ?»

«ሁሉን።»

ሽማግሌው ትንሽ አየውና እንዳለው አደረገለት። ግራና ቀኝ ጎኗን በመሳያው ድንጋይ አጎደጎደው፤ ስለቷ እንደ ወረቀት ሳሳ። ሰውየው ደስ አለው። በየደረሰበት ክንዱን እየላጨ ያሳይ ጀመር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክንዱ ላይ የሚላጭ ጸጉር አልተረፈም።

ክረምት ሲገባ ወንዝ ሲሻገሩ አንዷን በቅሎ አዳለጣትና ወደቀች። የጭነቷ ጠፍር ከውኃው ሥር ካለ የዛፍ ሥር ጋር ተያዘ፤ ራሷ ውኃ ውስጥ ይገባ ይወጣ ጀመር። ሰውየው ዘሎ ገባና የራሰውን ጠፍር በሰንጢው ገዘገዘ። ቆዳው ወፍራም ነው፤ ገና ግማሹ ሳይቆረጥ ስለቷ ተሸራረፈ። በአንድ እጁ የበቅሎዋን አፍ ከውኃ በላይ ይዞ፣ በሌላው በዚያ በተሸራረፈ ስለት እያለቀሰ ገዝግዞ ገዝግዞ በጠሰው። በቅሎዋ ዳነች። እሱም እየጎተተ ወደ ዳር አወጣት።

በማግስቱ ወደ ቀጥቃጩ ተመልሶ ወንዝ ውስጥ የሆነውን ነገረው። «ሌላ ይሥሩልኝ» አለው፤ «እንደ መጥረቢያ የወፈረች።»

ሽማግሌው በዚህኛው ጊዜ አልታዘዘውም። «ተቀመጥ» አለው። «የትናንቱን ተወውና፣ ካለፈው ገበያ ወዲህ በሰንጢህ ምን ምን ቆረጥህ?»

ሰውየው አሰበ። «ዳቦ። ጆንያ የተሰፋበትን ክር። ከበቅሎ እግር እሾህ አወጣሁ። ሸንኮራ ላጥሁ። ገመድም ሁለት ሦስት ጊዜ ቆርጫለሁ።»

«ወንዝ ውስጥ ጠፍር የቆረጥኸውስ?»

«በዕድሜዬ አንዴ።»

«ጸጉር ላጭልን ያለህስ ሰው ነበር?»

«ማንም አላለኝ» አለና ፈገግ አለ።

ቀጥቃጩ አዲስ ሰንጢ ሠራለት። ጎኗ አልጎደጎደም፤ ከጀርባዋ ጀምሮ ቀጥ ብሎ እየሳሳ ይወርዳል፣ ስለቷ ጋ ሲደርስ ግን ትንሽ ውፍረት ተትቶላታል። እንደ ምላጭ አትላጭም፤ እንጨትም አትፈልጥም። ዳቦውን ሳትፈረፍር ትቆርጣለች፤ ጠፍር ቢያጋጥማት ትንሽ ታታግላለች እንጂ አትሸራረፍም። ስትደነዝዝ መንገድ ዳር ባገኘው ድንጋይ ራሱ ይስላት ነበር። ሰውየው በእሷ ሲሠራ አረጀ። ማንም አድንቆለት አያውቅም፤ እሱም አድናቆቱ አልናፈቀውም።

አየሽ የሻረግ፣ አንቺም ስለትሽን ልታስተካክዪ ነው የመጣሽው። ጎረቤት «እንዴት ያለች ደግ እናት» እንዲልሽ ብለሽ ለሁሉ ነገር እሺ ብትዪ፣ እንደዚያች እንደ መጀመሪያዋ ሰንጢ ሳስተሻል፤ ልጆቹ እምቢ ያሉሽ ቀን ትሸራረፊያለሽ። ያን ቀን ፈርተሽ ከዛሬ ጀምረሽ ብትቆጪ ደግሞ ዳቦ በመጥረቢያ መቁረጥ ይሆንብሻል። ስለዚህ የክፉውን ቀን ተዪውና የነገውን ጠዋት አስቢ። አንቺው እንደነገርሽኝ የትንሿን ጸጉር ታበጥሪያለሽ፤ ትልቁ ደግሞ ትምህርት ቤት አልሄድም እያለ ነው። ስታበጥሪያት እጅሽ ይለስልስ። ልጁንም ሳትጮሂ «ትሄዳለህ» በዪውና ደብተሩን አስይዘሽ እስከ በሩ ሸኚው። ለዚህ የሚበቃ ስለት አለሽ፤ እኔ አይቼዋለሁ።