አያ ጅቦ የመረቅ ድስት ሲያስመርጥ

አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ አልቆም ባለበት ክረምት፣ የአያ ጅቦ መንጋጋ ወላለቀና አጥንት መቆርጠም አቃተው። ሥጋውንስ በፊት ጥርሱ ይቦጭቃል፤ አጥንቱን ግን እየላሰ ያለቅሳል።

«ያልተቆረጠመ አጥንት ይቀቀላል» አለው ቀበሮ። «መረቅ ጠጣ። ደህና ድስት ብቻ ይኑርህ።»

«ድስት የሚያውቅ ማን አለ?»

«እመት አህይት አለች አይደል? ዕድሜዋን ሙሉ ሸክላ ተሸክማ ገበያ ስትወጣ የኖረች!»

አህያ የጅብ ስም ሲነሣ ትሸሻለች። ይህቺ ግን ቀበሮ መጥቶ «ባለሙያ ነዎት ተብለው ተፈልገዋል» ሲላት ቆመች። ስትደበደብ እንጂ ስትጠየቅ አታውቅምና፣ እንባዋ መጣ።

ሸክላ ሠሪዋ ጦጣ ደጅ ሲደርሱ አያ ጅቦ አንዲት ትንሽ ድስት አነሣ።

«ይቺ ታምራለች።»

«ኧረ አያ ጅቦ! የጭን አጥንት በየት በኩል ይገባባታል? የመረቅ ድስት ጥልቅ ነው፤ ቂጡ ወፍራም፣ ክዳኑ ገጠም የሚል።» ትልቁን ድስት በሰኮናዋ መታ አደረገችው። ጥርት ብሎ ጮኸ። «ስንጥቅ የሌለበት እንዲህ ይጮኻል። ይኸውልዎ!»

«ጆሮው ረጅም የሆነ ራስስ ይይዛል?» አለ አያ ጅቦ።

ቀበሮ እግሩን ረገጠው።

«ጆሮው ይታጠፋላ!» አለች አህይት።

ድስቱን ማን ተሸክሞ እንደተመለሰ መናገር አያስፈልግም።

ዋሻው ውስጥ ድስቱ ጉልቻ ላይ ወጣ፤ እንጨት ተማገደ። አህይት ዙሪያዋን ብትቃኝ ሥጋ የለም።

«አያ ጅቦ፣ አጥንቱስ?»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። ያን ጊዜ ገባት።

«አ... አዲስ ድስት እኮ ሳይሟሽ ውኃ አይጣድበትም» አለች። «መጀመሪያ ዘይት ፈልጋችሁ አምጡ።»

«እውነቷን ነው» አለ ቀበሮ። «ና እንሂድ።»

«ብታመልጥስ?»

«ድስቱን ለማን ትታ?»

ወጡ። አህይትም ሮጣ ከዋሻው ደጅ ደረሰች። መንገዱ ጭር ብሏል፤ የሚይዛት የለም። ግን ዞር ብላ ድስቱን አየችው። «እነዚህ እሳት አያያዝ የት ያውቃሉ? ያሰነጥቁታል» አለችና ተመለሰች።

ድስቱ እንደ ደንቡ ተሟሸ። መረቁንም የቀመሱ ሁሉ እስከ ዛሬ ድስቱን ያመሰግናሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ የመረቅ ድስት ጥልቅና ቂጠ ወፍራም መሆን እንዳለበት፣ አማካሪውም ስለ ስፋቱ ከመናገሩ በፊት የማን አጥንት እንደሚቀቀልበት መጠየቅ እንደሚገባው ነው።