የፊታውራሪ ይርዳው ቡድንና የማዶ ልጆች

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከአገር በወጣ በአራተኛው ዓመት፣ በገና ዕለት ነው። ከወንዝ ማዶ የመጡት ልጆች የገናውን ጨዋታ አሸንፈው የአሸናፊውን በሬ ሊነዱ ሲሉ፣ የአገሩ ባለመሬት ፊታውራሪ ይርዳው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ከሃያ ዓመት በፊት እኔ የመራሁት አሸናፊ ቡድን እነዚህን እንደ ገለባ ይበትናቸው ነበር። ታዲያ በሬው ለደካማ ይሰጣል?» አሉና አንድ ምላሰኛ ጭሰኛቸውን ጠሩ። «አንተ! ያኔ በተቃራኒያችን ተሰልፈህ ነበር፤ የዛሬዎቹንም አይተሃል። እስቲ ፍረድ፤ ሁለቱ ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል?»

ጭሰኛው ጨነቀው። ለፊታውራሪ ቢፈርድ ልጆቹ በሬያቸውን ያጣሉ፤ ለልጆቹ ቢፈርድ እሱ የሚያርሰውን መሬት ያጣል። ልማዱ የገና ዕለት ተረብ አያስቀጣም ይላል፤ ስለ ማግስቱ ግን የሚለው ነገር የለም።

«የእርስዎ ቡድን ያሸንፋል፣ ጌታዬ» አለ በመጨረሻ።

ፊታውራሪ ፈገግ አሉ።

«ነገር ግን አስቀድመው ለማዶ ልጆችም የሚያርሱት መሬት ይስጧቸው።»

«ምን ሊያደርግላቸው?»

«ያኔ እርስዎ የመቷት ሩር ወደ እኔ ስትመጣ፣ የማርሰው መሬት ትዝ አለኝና ዞር አልኩላት። እነዚህ በገዛ ርስታቸው የሚኖሩ ናቸው፤ ምን ትዝ ብሏቸው ዞር ይሉላታል?»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ፊታውራሪም ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው፣ በሬው እንዲነዳ በእጃቸው አመለከቱ፤ በማግስቱም የጭሰኛውን መሬት የነካበት አልነበረም።

ጭሰኛው ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ሰማው፣ በዚያ በድሮው ጨዋታ አብረውት የተሰለፉት ሁሉ ሩሯን እያዩ አሳልፈዋታል፤ እያንዳንዳቸውም እሱ ያን ተረብ እስኪናገር ድረስ ይህን ያደረግሁ እኔ ብቻ ነኝ ብለው ሲያፍሩ ኖረዋል።