ያለ ቀሪ የተካፈለው ቁጥር

ወገኖቼ፣ አንድ የሒሳብ መምህር ነበረ። ሸዋንግዛው ይባላል። የመኪና ታርጋ ይሁን የቤት ቁጥር፣ በስንት እንደሚካፈል ሳያውቅ ዓይኑን አያነሳም።

አንድ ቀን ሚስቱን ውብነሽን ሆዷን ቆርጦ ያዛት። ሆስፒታል አደረሳት። ሐኪሞቹ «ትርፍ አንጀት ነው፤ አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል» አሉት። ካርድ ወጣላት። ቁጥሩ 1,846,152 ነበር።

መምህሩ አየው። ልማዱ ነውና መረመረው። መጨረሻው ሁለት፤ ተጋማሽ ነው። አሃዞቹ ሲደመሩ ሃያ ሰባት፤ በዘጠኝ ይካፈላል። በሠላሳ ሰባት ሞከረው፤ እሱም ተካፈለ። ሁለትን፣ ዘጠኝን፣ ሠላሳ ሰባትን አባዛቸው። ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት!

የምን ቁጥር እንደሆነ ታውቃላችሁ። የአውሬው ነው። መምህሩ እንደገና አካፈለ። ቀሪ የለም።

ነርሷ መጣች። «መምህር፣ ለቀዶ ጥገናው እዚህ ጋ ይፈርሙልን።»

«በዚህ ቁጥር አልፈርምም! ሌላ ካርድ ይውጣላት።»

«ምን ነካዎት? ሰው እኮ እየተሠቃየ ነው!»

አልሰማትም። ካርድ ክፍል ሄዶ ተሰለፈ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ከወዲያ ውብነሽ ስትጮኽ ይሰማዋል። ጩኸቷን በሰማ ቁጥር «ይኸው፣ ጀመረ» ይላል። ወገኖቼ፣ ሥቃይዋን እንኳ የቁጥሩ ምልክት አደረገው!

«ቁጥር አንቀይርም» ብለው መለሱት። ሲመለስ ውብነሽ አልጋው ላይ ተጣጥፋለች። የቁጥሩን ነገር ነገራት።

«በሌላስ አይካፈልም?» አለችው እያቃሰተች።

«ይካፈላል። በሦስት፣ በሰባት፣ በአሥራ ሁለት…»

«ታዲያ ከዚያ ሁሉ እሱን ብቻ ለምን መረጥክብኝ?»

ካርዱን እንደገና ያየው ጀመር። እሷም ነርሷን ጠርታ «አምጪው፣ እኔው እፈርማለሁ» አለች።

ግን ዘግይቶ ነበር። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቷል። ሐኪሙ ሲወጣ «ትንሽ ቀደም ብላ ብትገባ ኖሮ…» አለ። ውብነሽ በፈጣሪ ቸርነት ተረፈች፤ ግን ክረምቱን ሙሉ ከአልጋ አልተነሳችም። ቁስሏ ሲጠረግ ሸዋንግዛው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር።

እስኪ ንገሩኝ፣ ማን ጎዳት? ቁጥር እጅ አለው? ቁጥር ሰው ያዘገያል? ያዘገያት በፍቅር የሚሳሳላት ባሏ ነው። ፍርሃት በገዛ ሰዋችን እጅ ይመታናል!

እናንተስ? በሕልም ትደነግጣላችሁ፤ ቀን ትመርጣላችሁ፤ የጎረቤትን የዓይን አስተያየት ትመረምራላችሁ። እግዚአብሔር የሰጣችሁን መልካሙን ሁሉ አልፋችሁ ክፉዋን ብቻ መዝዛችሁ ታወጣላችሁ። ፍርሃት የፈለገውን አያጣም፤ ፈልጎ ያገኛል!

እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ራሳችሁን ጠይቁ፦ እኔ ተቀምጬ ፍርሃቴን ሳሰላ፣ አጠገቤ እያቃሰተ የሚጠብቀኝ ማን ነው?