«ጉሮሮህን ጠይቀው» የተባለበት ምክንያት

ሰው ሊምል ሲል ጉሮሮውን ሲጠራርግ አይታችሁ፣ «ምን ውጦ ነው?» ብላችሁ ታውቃላችሁ?

እንግዲያው በረቱን ዝጉ፣ ጆሯችሁን ክፈቱ።

ድሮ፣ ገደሉን ሁሉ ቁልቋል በሸፈነው አገር፣ ድንቄ የምትባል ባሏ የሞተባት ንብ አርቢ ነበረች። ለመንደሩ ማኅበር ጠጅ የሚሆን አንድ ገንቦ ማር ቆርጣ በአደራ አስቀመጠች። አንድ ቀን ከወንዝ ስትመለስ ገንቦው ባዶውን ቆሟል።

«ራሷ በላችው!» አለ ጭቃ ሹሙ ጓንጉል።

«ጠያቂ ባል የላት፣ ምን ይከለክላታል?» አለ ጎረቤቷ ቢተው።

«ድሮም ዐይኗ አላማረኝም» አለ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ደምለው።

ሌላው ሰው ዝም አለ። ሌባው በአፈርሳታ ካልተገኘ ድንቄ አገር ትልቀቅ ተባለ።

በአፈርሳታ ወግ መንደርተኛው ሁሉ ሜዳ ይሰበሰባል፣ በየተራም ይምላል፤ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። ድንቄ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ማንንም አላመነችም። አንድ ነገር ደግሞ ለማንም አልነገረችም፤ ዘንድሮ ዝናብ ቀርቶ ንቦቿ የቀሰሙት የቁልቋል አበባ ብቻ ነው። የቁልቋል ማር ከጌሾ ጋር ሲሰነብት ይለዝባል፤ ጥሬውን የላሰው ግን ጉሮሮው ይነዳል፣ ውሃ ሲጠጣበት ይብስበታል።

የውሃው ቅል ሲዞር አየች። ጓንጉል ጠጣ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ቢተውም እንዲሁ። ደምለውም እንዲሁ።

«ጌቶቼ፣ እኔም እምላለሁ» አለች። «ከሳሾቼ ግን ይቅደሙ። ዳር ያለውም እንዲሰማ ጮክ ብላችሁ!»

ጓንጉል ተነሣ። «ቀምሼ እንደሆነ... እህ! እህ!»

«ጉሮሮህን ጠይቀው» አለችው።

ቢተው ተነሣ። «ቀምሼ እን... እህህ!»

«አንተም ጉሮሮህን ጠይቀው።»

ደምለው አልተነሣም። «አሞኛል» ሊል አፉን ቢከፍት ፉጨት ብቻ ወጣ።

«ኧረ ሙሴን ተዉት፣ ጉሮሮው መስክሯል!» አለ አንዱ ከኋላ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

ሦስቱም አመኑ። በእሷ ላይ የፈረዱት ፍርድ ለራሳቸው ሆነ፤ ጓዛቸውን ጭነው አገር ለቀቁ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ለመሐላ የቸኮለን ሁሉ «ጉሮሮህን ጠይቀው» ይሉታል።

በማግስቱ መንደርተኛው ድንጋይ ተሸክሞ ደጇ ወደቀ።

«እሜቴ ድንቄ፣ ስለ እግዜር ይቅር በይን። እኛ እኮ አንዲት ክፉ ቃል አልተነፈስንም!»

«ደግ ቃልስ ተንፍሳችሁ ነበር?» አለች። «የላሱትንም፣ ዝም ያላችሁትንም፣ ይቅር አልልም።»