ድመቷ ካልወረደች ሹሩባ የለም

ተረት አለኝ። መስማት የፈለገ ይጠጋ፤ ያልፈለገም ባለበት ይቀመጥ፣ ያው መስማቱ አይቀርም።

በአንድ ከተማ አንድ ግቢ ነበረ። ቧንቧው አንድ፣ ውሻው አንድ፣ ድመቷ አንድ፤ ጩኸቱ ግን ለአገር ይበቃል። በዚያ ግቢ ማንም ማንንም አይጠላም። ሲታመሙ ይጠያየቃሉ፣ ሲቸግራቸው ይደጋገፋሉ። ብቻ ሰው ሁሉ የሚነጋገረው በጩኸት ነው። ጨው ሲበደሩ ይጮሃሉ፣ ጨው ሲመልሱም ይጮሃሉ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የአመለወርቅ ድምፅ ነው። እሷ ልጇን ስትጠራ ማዶ ሰፈር ያሉ ልጆች ሳይቀሩ «አቤት!» ይላሉ።

ልጇ ትንግርት ትባላለች፤ ሁለተኛ ክፍል ናት። ነገ ትምህርት ቤት የክፍል ፎቶ ይነሳሉ። ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዓመቱን ሙሉ ይታያል። በአምናው ፎቶ ትንግርት ጸጉሯ ተንጨባርሮ ነበርና አፍራ ከኋላ ተደበቀች፤ ከአንዲት ረጅም ልጅ ትከሻ ሥር አንድ ዓይኗ ብቻ ብቅ ብሏል። ዘንድሮ ከፊት መቆም ፈልጋለች። ለዚህ ደግሞ ሹሩባ ያስፈልጋታል። ሹሩባ ብቻ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀች።

ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ልብስ የምታጥበው እናቷ ዘንድ ሄደች።

«እማዬ፣ ሹሩባ ሥሪኝ።»

«በዚህ ጭንቅላትሽ!» ብላ ጮኸች እናቷ። «የአገሩን አቧራ ተሸክመሽ መጥተሽ! እንዳላጥብሽ በርሜሉ ደርቋል! ውሃው ሲመሽ ሊሄድ ነው፣ አባትሽ እንደሆነ ጎማውን እስካሁን አልቀጠለ! ሂጂ ወዲያ፣ አትነዝንዢኝ!»

ትንግርት አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች። እናቷ ስትጮህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው። ከዚያ ወደ አባቷ ሄደች።

አባቷ መኳንንት ቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ከጎማ ጋር ይታገላል። ጎማውን ቧንቧው አፍ ላይ ይሰካል፣ ውሃውን ይከፍታል፣ ጎማው ተፈናጥሮ ይወጣና ፊቱን ያጥበዋል። እንደገና ይሰካል፣ እንደገና ይታጠባል። (በባልዲ አይቀዳም ወይ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ባልዲውን ሁሉ የተዘፈዘፈ ልብስ ሞልቶታል። ተረት ነጋሪ ይህን ሳያጣራ አይጀምርም።)

«አባዬ፣ ጎማውን እሰረው» አለችው ትንግርት። «ጎማው ካልታሰረ ውሃው አይገባም፣ ውሃው ካልገባ ጸጉሬ አይታጠብም፣ ጸጉሬ ካልታጠበ ሹሩባ የለም።»

«በጥርሴ ልሰረው?» ብሎ ጮኸ አባቷ። «ሽቦውን የማጠብቅበት ፒንሳ ጋሼ ደሳለው ጋ ነው! ሰውየው መዋስ እንጂ መመለስ መች ያውቃሉ! ዞር በይ፣ ትረጥቢያለሽ!»

ትንግርት ጋሼ ደሳለው በር ላይ ሄዳ አንኳኳች። ጋሼ ደሳለው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ክላክስ ሲያስጮሁ ኖረው አሁን ጸጥታ አማራቸው። ራሳቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው፣ በሩን ቀርቅረው ተኝተዋል።

«ጋሼ፣ በሩን ይክፈቱልኝ። በሩ ካልተከፈተ ፒንሳው አይወጣም፣ ፒንሳው ካልወጣ ጎማው አይታሰርም፣ ጎማው ካልታሰረ ውሃው አይገባም፣ ውሃው ካልገባ ጸጉሬ አይታጠብም፣ ጸጉሬ ካልታጠበ ሹሩባ የለም።»

«አልከፍትም!» ብለው ከውስጥ ጮኹ። «በሩን ብከፍት የዚያች የውድነሽ ሬዲዮ ሰተት ብሎ አልጋዬ ላይ ይወጣል! ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው! መጀመሪያ ሬዲዮው ይዘጋ!»

ውድነሽ ከጋሼ ደሳለው ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ናት። ማሙሽ የሚባል ሕፃን አላት። ማሙሽን አቅፋ ከሬዲዮው ፊት ወዲያ ወዲህ እያለች ታወዛውዘዋለች። ሬዲዮው ይጮሃል፣ ማሙሽም ይጮሃል።

«እትዬ ውድነሽ፣ ሬዲዮውን ዝጊልኝ» አለች ትንግርት። «ሬዲዮው ካልተዘጋ የጋሼ በር አይከፈትም፣ በሩ ካልተከፈተ ፒንሳው አይወጣም፣ ፒንሳው ካልወጣ ጎማው አይታሰርም፣ ጎማው ካልታሰረ ውሃው አይገባም፣ ውሃው ካልገባ ጸጉሬ አይታጠብም፣ ጸጉሬ ካልታጠበ ሹሩባ የለም።»

«ምን አልሽ?» አለች ውድነሽ ጆሮዋን ወደ እሷ አዘንብላ።

ምን ታድርግ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ በጩኸት ደገመችው። ጉሮሮዋ እስኪሻክር።

«ኧረ እኔስ መች ጠላሁ!» ብላ ጮኸች ውድነሽ። «ድምፁን ስቀንሰው ይኸ ልጅ ልቅሶውን ይጨምራል! ይተኛልኝ እንጂ ወዲያው ነው የምዘጋው!»

ትንግርት ጠጋ ብላ የማሙሽን እግር ያዘች። «ማሙሽዬ፣ ተኛ። ማሙሽ ካልተኛ ሬዲዮው አይዘጋም፣ ሬዲዮው ካልተዘጋ የጋሼ በር አይከፈትም፣ በሩ ካልተከፈተ ፒንሳው አይወጣም፣ ፒንሳው ካልወጣ ጎማው አይታሰርም፣ ጎማው ካልታሰረ ውሃው አይገባም፣ ውሃው ካልገባ ጸጉሬ አይታጠብም፣ ጸጉሬ ካልታጠበ ሹሩባ የለም።»

ማሙሽ ትክ ብሎ አያት። ዓይኑ ገርበብ አለ፣ ሽፋሽፍቱ ከበደው፣ ሊተኛ ምንም አልቀረውም። ወዲያው ከውጭ ውሻ ጮኸ። ማሙሽም አፉን እስከ ትናጋው ከፍቶ መለሰለት።

«ይኸው! ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው!» አለች ውድነሽ ልታለቅስ ደርሳ።

ውሻው ቡቺ ነው። ኩሽናው ሥር ቆሞ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሯል። ትንግርት አንገቱን እያሻሸች፣ «ቡቺ፣ ዝም በል» አለችው። «ቡቺ ዝም ካላለ ማሙሽ አይተኛም፣ ማሙሽ ካልተኛ ሬዲዮው አይዘጋም፣ ሬዲዮው ካልተዘጋ የጋሼ በር አይከፈትም፣ በሩ ካልተከፈተ ፒንሳው አይወጣም፣ ፒንሳው ካልወጣ ጎማው አይታሰርም፣ ጎማው ካልታሰረ ውሃው አይገባም፣ ውሃው ካልገባ ጸጉሬ አይታጠብም፣ ጸጉሬ ካልታጠበ ሹሩባ የለም።»

ቡቺ ጅራቱን ቆላላት፤ ከዚያ ወደ ኩሽናው ቆርቆሮ ቀና ብሎ መጮኹን ቀጠለ። ቆርቆሮው ላይ ውሮ፣ የግቢው ድመት፣ ተኮራምታ ተቀምጣለች። መሬት ላይ ሲሆኑ ቡቺና ውሮ ተቃቅፈው ነው የሚተኙት። ቆርቆሮ ላይ ስትወጣ ግን ኮሽታዋ ሌባ ይመስለዋል። ሰው ቢሆን ኖሮ እሱም እንደ ጎረቤቶቹ «መጀመሪያ እሷ ትውረድ!» ብሎ ይጮህባት ነበር። በውሻ አማርኛም ያለው ይህንኑ ነው።

ትንግርት ባዶ ጀሪካን ገልብጣ ላዩ ላይ ወጣች። ጉሮሮዋ ስለሻከረ ድምፅ አልቀራትም፤ ስለዚህ በሹክሹክታ ለመነቻት።

«ውሮዬ፣ ውረጂ። ድመቷ ካልወረደች ቡቺ ዝም አይልም፣ ቡቺ ዝም ካላለ ማሙሽ አይተኛም፣ ማሙሽ ካልተኛ ሬዲዮው አይዘጋም፣ ሬዲዮው ካልተዘጋ የጋሼ በር አይከፈትም፣ በሩ ካልተከፈተ ፒንሳው አይወጣም፣ ፒንሳው ካልወጣ ጎማው አይታሰርም፣ ጎማው ካልታሰረ ውሃው አይገባም፣ ውሃው ካልገባ ጸጉሬ አይታጠብም፣ ጸጉሬ ካልታጠበ ሹሩባ የለም።»

ውሮ ጆሮዋን አቀናች። ቀስ እያለች ወደ ቆርቆሮው ጫፍ መጣች። አንድ እግሯን ከሥር ወዳለው የእንጨት ክምር አወረደች። ሁለተኛውን ልታስከትል ስትል—

«ትንግርት! አንቺ ልጅ! የት ገባሽ!»

እናቷ ናት። ውሮ ተፈናጥራ ወደ ቆርቆሮው ማዶ ጫፍ ሸሸች። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ቡቺ ጮኸ፣ ቡቺ ሲጮህ ማሙሽ አለቀሰ፣ ማሙሽ ሲያለቅስ ሬዲዮው ድምፁ ጨመረ፣ ሬዲዮው ሲጨምር ጋሼ ደሳለው ግድግዳውን በከዘራ ደበደቡ፣ ግድግዳው ሲደበደብ አባቷ ደንግጦ ጎማውን ለቀቀና ፊቱን ታጠበ።

ትንግርት ቀና ብላ አየች። ውሮ እላይ ሆና አንገቷን ቀብራለች። ትንግርትም ጀሪካኑ ላይ ሆና አንገቷን ቀብራለች። ያኔ ሁሉም ነገር ገባት።

ሲገባት ደግሞ ፈራች። ሁሉንም ለምናለች፣ የቀረች አንዲት ሰው ብቻ ናት። በዚያ ግቢ ውስጥ አመለወርቅን «አትጩኺ» ያላት ሰው የለም። አባቷ እንኳ ደፍሮ አያውቅም። ከኋላ መቆምም እኮ ያን ያህል አይከፋም፣ ብላ አሰበች። ከዚያ ፎቶው ዓመቱን ሙሉ እንደሚሰቀል ትዝ አላትና ከጀሪካኑ ወረደች።

«የት ነበርሽ!» ብላ ጮኸች እናቷ ገና ስታያት። «ስጠራሽ አትሰሚም? ጆሮሽን ምን ነካው?»

ትንግርት ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

«ምን? ጮክ በይ፣ አይሰማኝም!»

«ጮክ ካልኩ ውሮ አትወርድም።»

እናቷ ግራ ገባት። አረፋ የሚንጠባጠብ እጇን እንደያዘች ዝቅ አለችና ጆሮዋን ሰጠቻት። ትንግርትም በጆሮዋ ሹክ አለቻት፦ ውሃው ካልገባ ጸጉሯ እንደማይታጠብ፣ ጎማው ካልታሰረ ውሃው እንደማይገባ፣ ፒንሳው ካልወጣ ጎማው እንደማይታሰር፣ በሩ ካልተከፈተ ፒንሳው እንደማይወጣ፣ ሬዲዮው ካልተዘጋ በሩ እንደማይከፈት፣ ማሙሽ ካልተኛ ሬዲዮው እንደማይዘጋ፣ ቡቺ ዝም ካላለ ማሙሽ እንደማይተኛ፣ ድመቷ ካልወረደች ቡቺ ዝም እንደማይል።

«ድመቷስ ምን ሆና ነው የማትወርደው?»

«አንቺ ስትጮኺ ትፈራለች» አለች ትንግርት። «እኔም እፈራለሁ።»

የአመለወርቅ አፍ ተከፈተ። አየር ገባ እንጂ ድምፅ አልወጣም። አፏን ዘጋችው። የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። አፈረች። ልጇ አንገቷን እየቀበረች ስትሄድ ስንቴ አይታለች፣ ለካ ልማድ መስሏት ኖሯል! የምትለው ነገር ጠፋትና ዝም አለች።

እሷ ዝም ስትል ውሮ ወረደች። ውሮ ስትወርድ ቡቺ ዝም አለ። ቡቺ ዝም ሲል ማሙሽ ተኛ።

ውድነሽ የተኛ ልጇን እንዳቀፈች ጆሮዋን ጣል አደረገች። የአመለወርቅ ድምፅ የለም። ትንሽ ጠበቀች። አሁንም የለም። ደነገጠች። «ወይኔ፣ አንድ ሰው ሞቷል!» ብላ ሬዲዮውን ቀጭ አደረገችው፤ ለቅሶ ባለበት ግቢ ሬዲዮ አይከፈትማ። ማሙሽን አስተኝታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ሬዲዮው ሲዘጋ የጋሼ ደሳለው በር ተከፈተ። ሻሹን ከራሳቸው ፈትተዋል፣ ኮታቸውን ደርበዋል፣ በእጃቸው ፒንሳ ይዘዋል።

«ድንኳኑ የት ነው የሚተከለው?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ። «ሽቦ ማሰሪያ ይዣለሁ።»

«የምን ድንኳን?» አለ መኳንንት እሱም በሹክሹክታ፣ ዓይኑን ከፒንሳው ሳይነቅል።

«የለቅሶው ነዋ! ማን ነው የሞተው?»

«ኧረ ማንም አልሞተም!»

«ታዲያ አመለወርቅ ምን ሆና ዝም አለች?»

ይህን ስትሰማ አመለወርቅ ብድግ አለች። እንደ ልማዷ ደረቷን ሞልታ አየር ሳበች። የትንግርት አንገት መቀበር ሲጀምር አየችውና ያን ሁሉ አየር በሳቅ ለቀቀችው። ውድነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ጋሼ ደሳለውም ግንባራቸውን እያሹ፣ «በቁማችሁ ልቀብራችሁ ነበር እኮ!» እያሉ ሳቁ። ማሙሽ እንዳይነቃ ሁሉም በቀስታ ነበር የሚስቁት።

ከዚያማ ምን ቀረ! ፒንሳው ወጣ፣ ፒንሳው ሲወጣ ጎማው ታሰረ፣ ጎማው ሲታሰር ውሃው ገባ፣ ውሃው ሲገባ ጸጉሯ ታጠበ፣ ጸጉሯ ሲታጠብ ሹሩባው ተጀመረ።

ትንግርት ከእናቷ ጉልበቶች መካከል ተቀመጠች። ሚዶው ጸጉሯን እየከፈለ ሄደ። እናቷ አንዱን ዘለላ ጠበቅ አድርጋ ጎንጉና አቆመች።

«አመመሽ?»

«ትንሽ።»

ላላ አደረገችላት። ሌላ ዘለላ ያዘች፤ መጎንጎኑን ግን ረሳችው።

«እውነት ትፈሪኛለሽ?» አለች ከላይ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ።

«ስትጮኺ።»

«አሁንስ?»

ትንግርት ጭንቅላቷን ወደ ኋላ አዘንብላ የእናቷ ጭን ላይ ጣለችው። እንዲህ ሆና ሹሩባ አይሠራም። የውሃው ጎማ ይንፏፏል፣ ልብሱ ተዘፍዝፎ ይጠብቃል፣ እራትም አልተጣደም። አመለወርቅ ግን «ቀና በይ» አላለችም። ሚዶውን ጎኗ አስቀመጠችና ልጇ በራሷ ጊዜ ቀና እስክትል ጠበቀቻት።

ከዚያ ወዲህ አልጮኸችም ብላችሁ ግን እንዳታስወሩብኝ። ተረቴ ይኸው ነው፤ የሰማ ለልጁ ይንገር፣ ድምፁን ግን ዝቅ አድርጎ።